«ደህና ነኝ» የሚሉ ቁስለኞች

ማኪናዬን የነጠቀኝ መኮንን እጅግ ጨዋ ሰው ነበር። ሽጉጡን እንኳ አላወጣም፤ ካፖርቱን ገለጥ አድርጎ አሳየኝና «ወንድሜ፣ እናት አገር ትፈልግሃለች» አለኝ። እናት አገር የፈለገችው እኔን ሳይሆን ኤንትሬ የጭነት ማኪናዬን መሆኑን ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። በዚያ ሰሞን ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት እግር ወይም ጎማ ያለውን ነገር ሁሉ እናት አገር ትፈልገው ነበር።

ዘመኑ ሰማንያ ሦስት ነው። ሁዳዴ ገብቷል። ጎንደር ልትያዝ የቀራት ጥቂት ቀን ነው፤ እኛ ግን ይህን አናውቅም፤ የምናውቀው ሬዲዮው የሚለውን ብቻ ነው። ሬዲዮው ጠላት እየተደመሰሰ ነው ይላል፤ የሚደመሰሰው ጠላት ደግሞ ከቀን ወደ ቀን ወደ እኛ ይቀርባል።

ኑሩ እባላለሁ፤ የአዲስ ዓለም ልጅ ነኝ። ጎንደርን የምታውቁ አዲስ ዓለም ስል የሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር መሆኑ ይገባችኋል። አያቴ በበቅሎ፣ እኔ ደግሞ አባቴ በስንት መከራ በገዛት የጭነት ማኪና፣ ጨውና አቡጀዲ ወደ ወገራ እየወሰድን ገብስና ባቄላ ይዘን እንመለሳለን። መንግሥት ቢመጣም ቢሄድም ሰው ያለ ጨው ወጥ አይበላም ብለን የምናምን ሰዎች ነን። ወታደር አልወድም ነበር። ጀግና የሚለውን ቃል ስሰማ ደግሞ የሚታየኝ ደረቱን ነፍቶ ፎቶግራፍ የተነሳ ወፍራም ሰው ነበር። አባቴ «ጀግና የሚወለደው የሌላ ሰው ልጅ ሲሞት ነው» ይል ነበር፤ ንቀቱን የወረስኩት ከእሱ ነው።

ጨዋው መኮንን ጨዌን መንገድ ዳር አስወርዶ፣ አቡጀዲው ለፋሻ ይሆናል ብሎ አስቀርቶ፣ ከዳባት ወዲህ ወዳለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላከኝ። ቁስለኛ ጭነህ ወደ ጎንደር ትወርዳለህ ተባልኩ። የነጋዴ ልጅ ነኝና ሰው ባላመንኩበት ቦታ ማኪና ሳቆም የባትሪውን ገመድ ነቅዬ ኪሴ የመክተት ልማድ አለኝ። ግቢው ውስጥ እንዳቆምኩ ያንኑ አደረግኩ።

ክፍሉ ውስጥ ዴስክ ከዴስክ ገጥመው አልጋ አድርገዋል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የማባዛት ሒሳብ እንደተጻፈ ነው። ከድንኳን ሸራ የተሰፋ ሽርጥ ያደረገ፣ የመነጽሩን ሰበራ በሲባጎ ያሰረ አጭር ሰው ከአንዱ ዴስክ ወደ ሌላው እየዘለለ ይሳደባል። ሻምበል ዳኘው ይሉታል፤ የጦሩ ሐኪም እሱ ነው፤ ሁለተኛ የለም። አጠገቡ ዘነበች የምትባል ትከሻዋ ሰፊ ሃምሳ አለቃ ቁስል ታስራለች። እኔ ሐኪም የማውቀው ሆስፒታል ውስጥ ነጭ ለብሶ ቀስ እያለ የሚናገር ሰው ነው። ይህ የገበያ ወፈፌ ነው የሚመስለው፤ ናቅሁት።

«አንተ ማን ነህ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ሹፌር ነኝ።»

«ደም ስታይ ትወድቃለህ?»

«ኧረ በግ አርጄ አውቃለሁ።»

«እዚህ የሚፈለገው በጉ እንዳይሞት ነው። ና፣ በር ላይ ያሉትን እይና የባሰበትን ንገረኝ።»

በሩ ላይ ቁስለኞች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንዱ ካፖርት ደርቧል፤ ዓይኑ ፈዘዝ ብሏል። ጎንበስ ብዬ እንደ ደንቡ «እንዴት ነህ ወንድሜ?» አልኩት።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ ደህና ነህ?»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ። የሚቀጥለውም ደህና ነው። ከወለጋ የመጣውም ደህና ነው፤ ከሐረር የመጣውም ደህና ነው፤ አገጩ የተሰበረው እንኳ ራሱን ነቅንቆ ደህና መሆኑን ነገረኝ። አንዱ ብቻ እግሩን ይዞ ይጮሃል። ተመልሼ «ዶክተር፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም ደህና ናቸው» አልኩት።

ሥራውን ትቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ። ከዚያ በሩ ጋ ሄዶ ካፖርት የደረበውን ሰው ካፖርቱን ገለጠው። ከጎድን አጥንቱ በታች ያየሁትን አልናገርም። ዘነበችና እሱ ተሸክመው ዴስክ ላይ አወጡት።

«ስማኝ አንተ የጨው ነጋዴ» አለኝ እጁ እየሠራ። «በዚህ አገር ‹እንዴት ነህ› ብሎ ሕክምና የለም። የሐበሻን ሬሳ ብትጠይቀው ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚልህ። ሁለተኛ ሰላምታ እንዳትሰጥልኝ! የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጫንና ልቀቅ። ቶሎ ከቀላ ይቆየኛል። ነጭ ሆኖ ከቀረ ጥራኝ።»

«የሚጮኸውስ?»

«ለመጮህ አየር አለው፤ ይጩህ። ዝም ያለውን ነው የምፈራው።»

ጥፍር ስጫን ዋልኩ። ዘነበች የቆርቆሮ ወተት ልታጠጣው ያለችው አንድ ልጅ ሁዳዴ ነው ብሎ አፉን ሲገጥም፣ ዶክተሩ «ዛሬ ንስሐ አባትህ እኔ ነኝ፤ ፈትቼሃለሁ፣ ጠጣ!» ብሎ ጮኸበት። ልጁ ጠጣ። ይህ ሰው ቁስለኛ የሚያክመው በስድብ ነው እንዴ አልኩ በልቤ። እውነትም የተሰደበ ሰው አይተኛም፤ ዓይኑን ይከፍታል፣ ይቆጣል።

ከሰዓት በኋላ አንድ አስር አለቃ አመጡ። ሙላው ይባላል፤ የሳንጃ ልጅ ነው። ብሽሽቱ ላይ ተመትቷል። ደሙ በየልቡ ምት ይፈናጠራል። ዶክተሩ ሮጦ ጣቱን ቁስሉ ውስጥ ሰደደ፤ ደሙ ቆመ። ዘነበች መቆንጠጫ ፈለገች፤ መቆንጠጫዎቹ ሁሉ ሌሎች ሰዎች ላይ ናቸው። በክር ሊያስረው ሞከረ፤ የደም ሥሩ ወደ ውስጥ ሸሽቶ እየተንሸራተተ እምቢ አለ። ከቁስሉ በላይ ጠፍሮ ማሰር አይቻልም፤ ከብሽሽት በላይ ምን ይታሰራል?

«ይህ የሚከፈተው ሆስፒታል ነው» አለ ዶክተሩ። «እስከዚያ ጣቴ እዚህ ናት።»

«እስከ ጎንደር?» አልኩ።

«ሌላ ጣት አለህ?»

ሙላው ከታች ሆኖ ዓይኑን ገለጠ። «ዶክተር፣ ምነው ይቸገራሉ? እኔኮ ሸጋ ነኝ፣ እግዜር ይመስገን።»

«ዝም በል! ማንም አልጠየቀህም።»

መድፉ የጀመረው ያኔ ነው። የመጀመሪያው ከግቢው ማዶ ወደቀ፤ ሁለተኛው ጣሪያውን ከፈተው። ቆርቆሮና አፈር ወረደብን። እኔ ዴስክ ስር ገባሁ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም፤ ዴስኩ የተሠራው ለእኔ ይመስል ነበር። ቀና ስል ዶክተሩ ሙላው ላይ በደረቱ ተደፍቶ አየሁት፤ ጀርባው በአቧራ ነጭ ሆኗል፤ ቀኝ እጁ ከቦታዋ አልተነሳችም። መነጽሩን ወደ ዘነበች አቅንቶ «ጥረጊልኝ፣ አላይም» አላት። ጠረገችለት። ከዚያ ሁለቱም ሥራቸውን ቀጠሉ፤ እሱ በግራ እጁ እያመለከተ፣ እሷ እያሰረች።

በዚህ መሀል ኮሎኔሉ ገባ። ስሙን አልጠራውም፤ ልጆቹ ምን በደሉ። አንቱታውንም ነፍጌዋለሁ፤ ይቅር በሉኝ። የአካባቢው አዛዥ ነው። ግራ ክንዱን በነጭ ሻሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። በዚያ ግቢ ውስጥ ያን ያህል የነጣ ጨርቅ አልነበረም። ከኋላው ሁለት አጃቢዎቹ ፍራሽ፣ የቆርቆሮ ሳጥንና አንድ ሙክት ፍየል ይዘዋል። በሁዳዴ ሙክት! ለፋሲካ አስቦ ይሆናል፤ አርቆ አሳቢ አዛዥ ነው።

«ዶክተር፣ ማኪናዋን ወስጃለሁ» አለ። «ቁስለኞቹ በሚቀጥለው ይወርዳሉ።»

«በሚቀጥለው ምን?»

«በሚቀጥለው ማኪና።»

«ጓድ ኮሎኔል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጠላት ነው።»

«እኔም ቁስለኛ ነኝ!» አለ ኮሎኔሉ ሻሹን ከፍ አድርጎ።

ዶክተሩ ነጩን ሻሽ አየው። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የዋለው ሰውዬ ድንገት ድምፁን አለስልሶ፣ ልክ ገበያ ላይ እንደተገናኘ ጎረቤት፣ «እንዴት ነዎት፣ ጓድ ኮሎኔል?» አለው።

ኮሎኔሉ ጀመረ። ክንዱ ይጠዘጥዘዋል። ትከሻው ድረስ ይወጣል። እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ራሱን ያዞረዋል፣ ጨጓራውም ተነስቶበታል፣ ደሙ ድሮም ከፍ ይላል፣ ብርዱ ደግሞ ለኩላሊቱ አይስማማውም። ዶክተሩ እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠበቀው።

«ከጠዋት ጀምሮ ደህና አይደለሁም ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት» አለው። «ስለዚህ ደህና ነዎት። አንድ ቃሬዛ ይያዙልን።»

ከዴስኮቹ መካከል አንድ ቁስለኛ ሳቀ፤ ሳቁ ቁስሉን ነክቶት አቃሰተ፤ ደግሞ ሳቀ። ኮሎኔሉ ጥቁር ሆነ። ደህና በሆነው እጁ ሽጉጡን አወጣ።

«በጦር ሜዳ ትእዛዝ አልቀበልም ያለ ምን እንደሚጠብቀው ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ጣቴ ግን ሥራ ላይ ናት። እኔ ከወደቅሁ ይህ ልጅ ደሙ ፈስሶ ያልቃል። በአንድ ጥይት ሁለት የገዛ ወታደርዎን ይገድላሉ። ጠላትዎን እንዲህ አነጣጥረው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ አንገናኝም ነበር።»

ዶክተሩ ይህን ሲል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ አንድ እግሩ ግን የዴስኩን እግር ተጠምጥሞ ይዞ ነበር። ከዴስኩ ስር ሆኜ የሚታየኝ እግሩ ነው፤ ስለዚህ አውቃለሁ።

ሽጉጡ ትንሽ ቆየና ወረደ። ኮሎኔሉ እኔን ከዴስኩ ስር በአንገቴ ጎትቶ አውጥቶ ወደ ማኪናዋ ነዳኝ። «አስነሳ!»

«እሺ ጌታዬ» አልኩ። ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ። ዝም። የባትሪው ገመድ ኪሴ ውስጥ ነው።

«ምን ሆነች?»

«ባትሪዋ ደክማለች። መገፋት አለባት።»

ኤንትሬን ሁለት ሰው ሊገፋት! ጎማዋ ንቅንቅም አላለ። አጃቢዎቹ ሲያልባቸው ኮሎኔሉ ትዕግሥቱ አለቀና ግራ ክንዱን ከሻሹ አውጥቶ በሁለት እጁ መግፋት ጀመረ። ወላሂ ያን ክንድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቁስል ነበረበት ከተባለ የአጋም እሾህ ቧጭሮት ይሆናል። ሌላ መድፍ ከአጥሩ ስር ሲወድቅ፣ በመንገዱ ላይ ሸሺ ወታደር የሞላች ማኪና መጣች። ኮሎኔሉ በሁለት ክንዱ ተንጠልጥሎ ወጣባት። ፍራሹን፣ ሳጥኑን፣ ሙክቱን፣ ነጩን ሻሽ ጥሎልን ሄደ። አንዱ አጃቢ ተከተለው። ሁለተኛው ግን መንገዱን አየ፣ እኛን አየ፣ ክላሹን ትከሻው ላይ አድርጎ «ቃሬዛው የት አለ?» አለኝ።

የባትሪውን ገመድ መልሼ ገጠምኩ። በምን እንደወሰንኩ አትጠይቁኝ፤ ኮሎኔሉን መጥላት ያን ቀን ከፍርሃት ይልቅ በርትቶብኝ ነበር። አጃቢውና ዘነበች ቁስለኞቹን ጫኑ፤ እኔም ተሸከምኩ። የኮሎኔሉን ፍራሽ ከካቢናው ጀርባ አነጠፍንና ሙላውን አስተኛነው። ዶክተሩ ጣቱን ሳያነሳ እንዴት እንደወጣ ዛሬም ይገርመኛል፤ ሦስት ሰው ሆነን ሁለቱን እንደ አንድ ሰው አነሳናቸው። ሌሎቹ ተደጋግፈው ተቀመጡ። ካቢናው ጀርባ ትንሽ መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል የዶክተሩን ጭንቅላት አያለሁ።

«ሹፌር!»

«አቤት!»

«ከዚህ ጀምሮ ሙሽራ ነው የጫንከው።»

የወገራን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያኔ አስፋልት የለውም፤ ጠጠርና ጉድጓድ ነው። ዕቃ ጭኜ እንኳ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። እያንዳንዷን ጉድጓድ እየለየሁ፣ ጎማውን በዳር በዳር እያሳለፍኩ ወረድኩ። ዘነበች ከኋላ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዳኸች ጥፍር ትጫናለች። ደግ ነበር፣ መንገዱ ከገደሉ አፋፍ ጋር ወደሚተሻሽበት መታጠፊያ እስክንደርስ ድረስ። እዚያ ከማዶው ተራራ የሚሸሽገን ነገር የለም። ከፊታችን አንዲት ላንድሮቨር እየተቃጠለች ነበር። ከጋራው ላይ መትረየሱ ጀመረ።

እግሬ በራሱ ነዳጁን ረገጠ። ማኪናዋ ዘለለች። ከኋላ አንድ ሰው አይደለም፣ ሁሉም በአንድ ላይ ጮኹ፤ ቀኑን ሙሉ ደህና ነን ሲሉ የዋሉት ሁሉ።

«ቀስ!» አለ ዶክተሩ፤ በተረከዙ የካቢናውን ጀርባ ይደበድባል። «ቀስ በል!»

«ይመቱናል! እዚህ ላይ ፈጥኜ ማለፍ አለብኝ!»

«ከፈጠንክ ጣቴ ትወጣለች! ሆዳቸውን የተመቱት ይዘረገፋሉ! ቀስ!»

«ሁላችንም እናልቃለን!»

«ሹፌር፣ ስማኝ። እኔም ፈርቻለሁ። ግን ቀስ።»

ዕድሜ ልኬን ነድቻለሁ፤ ፍሬን የማትይዝ ማኪና በሊማሊሞ አውርጃለሁ። እንደዚያች ቦታ የከበደ ነገር ግን አላጋጠመኝም። ሰው ሲተኮስበት መሮጥ ተፈጥሮው ነው፤ እግሬን ከነዳጁ ላይ ማንሳት የራሴን አንገት የመያዝ ያህል ሆነብኝ። አነሳሁት። ማኪናዋ እንደ ነፍሰ ጡር ላም ጉድጓዱን አንድ በአንድ እየለየች ሄደች። ጥይት የጎኗን ቆርቆሮ ሲበሳው ይሰማኛል። የጎን መስተዋቱ ረገፈ። እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እያምታታሁ አነበንባለሁ፤ ዶክተሩ ከኋላ ጮክ ብሎ ጋራው ላይ ያለውን ተኳሽ ይሰድባል። «አንተ ደንባራ! ማነጣጠርም ሳያስተምሩህ ነው የላኩህ? ይህን ግንድ የሚያህል ማኪና ትስታለህ?» ይለዋል። ሙላው ደግሞ ከስሩ ሆኖ «ምነው ዶክተር፣ አያስቆጡት እንጂ!» ሲል ሰማሁ። ከቁስለኞቹ መካከል ሳቅ ሰማሁ። በዚያ ቦታ ሳቅ!

አንዱን እዚያ መትተውብናል፤ ወተት የጠጣውን ልጅ። ዘነበች ዓይኑን ከደነችለት። ሌሎቹን ይዘን አለፍን።

የኮሶዬን ቁልቁለት ወርደን ጎንደር ስንገባ ሆስፒታሉ በሰው ተጨናንቋል። አንድ ወጣት ሲቪል ሐኪም ፊቱ ገርጥቶ ወጣ። ዶክተሩን «ጣትዎን ያንሱና ልየው» አለው።

«መጀመሪያ መሣሪያህን አዘጋጅ። እኔ የማነሳው አንተ ስትይዝ ነው።»

ሁለቱም ከሙላው ጋር ገቡ። እኔ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። ማኪናዬ ተመልሳልኛለች፤ ወደ ቤቴ መሄድ እችላለሁ፤ አልሄድኩም። የሳንጃን ልጅ በቅጡ እንኳ አላውቀውም፤ ያን ጊዜ ግን ከዚያ በር የሚወጣው ወሬ ስለ ወንድሜ የሚነገር ያህል ነበር። ዶክተሩ ሲወጣ የቀኝ እጁ ጣት እንደ ቀንድ ተጣሞ ቀርቷል፤ በግራ እጁ ሊያቃናው ይሞክራል። «ታስሯል። ይኖራል» አለኝ።

አጠገቤ ሲቀመጥ ሱሪው እርጥብ መሆኑን አየሁ። ያየሁትን አየ።

«መታጠፊያው ላይ ነው» አለ። «ሙላው ደም ነው የመሰለው። እንዳትነግረው።»

ያኔ ነው የገባኝ። ኮሎኔሉም ፈርቶ ነበር፣ እኔም ፈርቼ ነበር፣ ይህም ሰው ፈርቶ ነበር። የሦስታችንም ፍርሃት አንድ ዓይነት ነው። እሱ ብቻ ጣቱን የሰው ገላ ውስጥ አድርጎ ስለነበር የሚሸሽበት አካል አልነበረውም፤ ያን ጣት እዚያ ያስገባው ደግሞ ማንም ሳያዘው ራሱ ነው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ከተማዋ ተያዘች። የቀድሞው ጦር አባል የሆነ ሁሉ እጁን ይስጥ ተባለ። ወጣቱ ሐኪም ለዶክተሩ የራሱን ነጭ ጋዎን አምጥቶ «ይህን ይልበሱ፤ የሆስፒታሉ ሐኪም ነው እላለሁ» አለው። እኔም እኛ ቤት ከአቡጀዲ ጣቃዎች ጀርባ ማንም የማያገኘው ቦታ እንዳለ ነገርኩት።

«ቁስለኞቼን ወታደር ናችሁ ብለው ሲወስዷቸው እኔ ሲቪል ልሆን ነው?» አለ። ከዚያ እኔን አይቶ «እናንተ ቤትማ አልኖርም። እናትህ በየጠዋቱ እንዴት አደርክ ትለኛለች፤ እኔ ውሸት አልችልም።»

መራመድ ከሚችሉት ጋር ተሰልፎ ሄደ። ካምፕ አስገቧቸው። እዚያ በእስረኞቹ መካከል ወረርሽኝ ገብቶ፣ እነሱን ሲያክም ይዞት ሞተ ብለው ነገሩኝ። ወሬውን የላከችልኝ ዘነበች ናት። የትኛው ጉድጓድ እንደተቀበረ ግን እሷም አላወቀችም። አንደኛው መንግሥት ጥሎት ሸሸ፤ ሁለተኛው አስሮት ቀረ፤ ሜዳይ ያንጠለጠለለት የለም። ሜዳይ የሚያንጠለጥሉት ደግሞ ማን ላይ እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከዓመታት በኋላ ቁስቋም አካባቢ አንድ ለቅሶ ላይ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰዎች አንድ ሽማግሌ ከበው በአድናቆት ያዳምጣሉ። ኮሎኔሉ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ወፍሯል፣ ንግድ ላይ ነው። «ቁስለኞቼን አንድ በአንድ አውጥቼ፣ ከዚያ ሜዳ የመጨረሻው ሰው ሆኜ የወጣሁት እኔ ነኝ» ይላል። ሰዎቹ «ጀግና!» ይላሉ። ለቅሶ ቤት መጣላት ነውር ነው። ስለዚህ በአክብሮት ጎንበስ ብዬ «ኮሎኔል፣ ያ የቆሰለው ክንድዎ ዳነልዎት?» አልኩት።

«አዎ ልጄ፣ አሁንም ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል» ብሎ አሻሸው። ቀኝ ክንዱን።

ይህን የምጽፈው ለማጋለጥ አይደለም፤ የሚጋለጥ ነገር የለውም፤ ድሮም ሻሽ ብቻ ነበር። የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ መድረክ ላይ የሚጮኸውን አይታችሁ ለምታጨበጭቡት። እኔ ጀግና የሚባለው ወደ ጥይት የሚሮጥ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ መሮጥማ ፈሪም ይሮጣል፣ ሙክትም ይሮጣል። አሁን ስለ ጀግና ሲያወሩልኝ «ሲተኮስበት ቀስ ማለት ይችል ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። ሰው ደህና ነኝ ሲለኝም ዝም ብዬ አላልፍም፤ እጁን ይዤ ትንሽ አቆየዋለሁ። ሚስቴ እንግዳ ታስጨንቃለህ ትለኛለች። ያስጨንቃቸው።

ሙላው በሰሊጥ ወቅት ማግስት ከሳንጃ ወደ ጎንደር ሲወጣ እኛ ቤት ያርፋል። በሁለት እግሩ ነው የሚመጣው፤ ግራውን ትንሽ ይጎትታል። ልጆቼ አያ ሙላው ይሉታል። ባለፈው ትንሿ ልጄ ስለ ዶክተሩ ሰምታ፣ «መቃብሩ የት ነው? አበባ እናስቀምጥለት» አለችን። ሙላው የሱሪውን ቀበቶ ላላ አድርጎ ብሽሽቱ አጠገብ ያለውን ጠባሳ አሳያት፤ አንድ ጣት የምታክል ስርጉድ ናት። «መቃብሩን አናውቀውም ልጄ» አላት፤ «ነይ፣ ጣትሽን እዚህ አድርጊ።»